የሞድ ሠሪዎች ሣጥን ይቆለፍ ወይስ ይከፈት?

በአገራችን የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎች ዘንድ የቆየ አንድ ልማድ አለ። ሽማግሌው የሥሩንና የቅጠሉን ምስጢር ለማንም አይናገርም፤ ቢናገርም ለሚወደው ልጁ ብቻ፣ ያውም ሊሞት ሲል ነው። ልጁ በአጠገቡ ሳይኖር ሞት የቀደመው እንደ ሆነ ግን፣ ስንቱን በሽተኛ ያዳነው መድኃኒት ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል። ጎረቤቱም «አይ፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት ነበረው» እያለ ከማውራት በቀር የሚተርፈው ነገር የለም።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣው የፈለግሁት የሥርና የቅጠል ነገር አይደለም፤ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። «መምህር ሆኖ ስለ ጌም ይጽፋል!» ብሎ የሚስቅብኝ አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ብሰማ፣ ክርክራቸው የጨዋታ መስሎ የባለቤትነት፣ የመተማመንና የውርስ ክርክር ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፤ በሌላ ሰው ጨዋታ ላይ የራሱን ሥራ የሚጨምር ሰው የሥራውን ምስጢር ለሕዝብ መግለጥ ይገባዋልን?

አስቀድመን ስለ ቃላቱ እንስማማ። አንድ ኩባንያ ጨዋታ ሠርቶ ያወጣል። ከተጫዋቾቹ መካከል አንዱ ደግሞ «ይህ ነገር ቢኖረው ይሻል ነበር» ብሎ አዲስ ካርታ፣ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ ሕግ ሠርቶ ይጨምርበታል። ይህ ጭማሪ ሞድ ይባላል። ሞድ ሠሪው ሥራውን የሚጽፈው በመጀመሪያ ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ነው፤ ይህም ሶርስ ኮድ ይባላል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ብቻ ወደሚረዳው መልክ ይለወጣል፤ ለተጫዋቹም የሚደርሰው ይኸው የተለወጠው ነው። ዶሮ ወጥ የቀረበለት እንግዳ ወጡ መጣፈጡን ያውቃል፤ ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደ ተቁላላ፣ ቅመሙ መቼ እንደ ገባ ግን ከሳህኑ አይቶ ሊናገር አይችልም። ሶርስ ኮዱ የወጡ አሠራር ነው ማለት ነው።

ይህን እንደ ልጆች ጨዋታ ብቻ መቍጠር ስሕተት ነው። በ1999 ሁለት ወጣቶች ሃፍ ላይፍ በሚባለው ጨዋታ ላይ ካውንተር ስትራይክ የሚባል ሞድ ሠሩ፤ በሚከተለው ዓመት የዋናው ጨዋታ ባለቤት የሆነው ቫልቭ ኩባንያ ሞዱን የራሱ ሸቀጥ አድርጎ ለገበያ አወጣው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሞድ እንግዲህ ሥራም፣ ሀብትም፣ ስምም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኮዱ ቢገለጥ ይሻላል የሚሉት ሰዎች ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ከሁሉ የሚበልጠው የመተማመን ነገር ነው። ሞድ በኮምፒዩተራችን ውስጥ የሚገባ እንግዳ ነው። በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የግል ደብዳቤያችን፣ የባንክ ሒሳባችንና የመሥሪያ ቤታችን ወረቀት ይገኛሉ። እንግዳን በክብር መቀበል የአገራችን ልማድ ነው፤ ቢሆንም እንግዳው የተሸፋፈነ ሣጥን ተሸክሞ ቢመጣና «በውስጡ ያለውን አትጠይቁኝ» ቢል፣ እንኳን ጎረቤት ዘመድም ቢሆን ልባችን ይጠራጠራል።

ለዚህ አንድ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። የአውሮፕላን አበራርን በኮምፒዩተር የሚያስመስሉ ጨዋታዎች አሉ። ፍላይት ሲም ላብስ የሚባል ኩባንያ ለነዚህ ጨዋታዎች ኤርባስ ኤ320 የተባለውን አውሮፕላን ሠርቶ በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ ኮዱ ዝግ ነው። በፌብሩዋሪ 2018 አንድ ጠንቃቃ ተጠቃሚ የአውሮፕላኑን መጫኛ ፋይል ሲመረምር፣ ክሮም በሚባለው የኢንተርኔት መቃኛ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ለቅሞ የሚያወጣ ሌላ ፕሮግራም አብሮ ተሸሽጎ አገኘ። ኩባንያው ሲጠየቅ ፕሮግራሙ የሚሠራው የተሰረቀ ቅጂ በያዙ ሰዎች ላይ ብቻ መሆኑን ገለጸ፤ መጫኛውንም በሌላ ተካው። ልብ በሉ! ሌባን ለመያዝ ተብሎ የሌባ መሣሪያ በሐቀኛው ደንበኛ ቤት ሳይቀር ተቀመጠ። ገዢው ከፍሎ የገዛው አውሮፕላን ነው፤ የገባለት ግን ያልጠራው ዘበኛ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ማይክሮሶፍት አዲሱን ፍላይት ሲሙሌተር ሲያወጣ፣ ፍላይ ባይ ዋየር የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር በጨዋታው ውስጥ የነበረውን ኤ320 ማሻሻል ጀመረ። አውሮፕላኑ ከዚያኛው ጋር አንድ ቤተ ሰብ ነው፤ የሥራው መንገድ ግን ተቃራኒ ነው። ኮዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተገለጠ ስለ ሆነ የሚያውቅ ያርመዋል፤ የማያውቅም ያነበዋል፤ ዋጋውም በነጻ ነው። የይለፍ ቃል ለቃሚ ፕሮግራም እንዲህ ባለ ስፍራ ላኑር የሚል ሰው ቢነሣ፣ በአደባባይ መካከል ኪስ ለመግባት እንደ ሞከረ ሰው ይሆናል።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ በላይ አናግንነው። በጁን 2023 ማይንክራፍት በሚባለው ጨዋታ ዓለም ትልቅ ድንጋጤ ሆኖ ነበር። ክፉዎች ሰዎች ከርስፎርጅ በሚባለው የሞድ ማከፋፈያ ያሉ ሠሪዎችን መግቢያ ሰርቀው በታወቁ ሞዶች ውስጥ መርዝ ጨመሩ፤ ይህም በኋላ ፍራክቸራይዘር ተብሎ የተጠራው ነው። መርዙ የመግቢያ ምስጢሮችን ይሰርቅ ነበር፤ በዚያው ኮምፒዩተር ወዳሉት ሌሎች የጃቫ ፋይሎችም ይተላለፍ ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። መርዙ የገባው ለሕዝብ በሚታደለው በተለወጠው ፋይል ውስጥ ነው። የምግቡ አሠራር በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ ወጡ ከማድ ቤት ወደ ማዕድ ሲመጣ በመንገድ መርዝ ቢገባበት የተለጠፈው ወረቀት ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ኮዱ መገለጡ ብቻ አይበቃም፤ የሚታደለው ፋይል ከተገለጠው ኮድ የተሠራ መሆኑን ማንም ሰው ሊያመሳክር መቻል አለበት። ያን ጊዜም ቢሆን ችግሩን ፈትተው ለሕዝብ ያስረዱት፣ ፋይሉን ቈራርጠው ያነበቡና ያገኙትን በግልጽ የጻፉ ፈቃደኞች ነበሩ። መድኃኒቱ እንደገና ማንበብ ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት የውርስ ነገር ነው። ሞድ ብቻውን አይኖርም፤ በዋናው ጨዋታ ላይ እንደ ተደገፈ ሐረግ ነው። ኩባንያው ጨዋታውን ባደሰ ቍጥር ሞዱም መታደስ አለበት፤ አለዚያ ይደርቃል። ሠሪው ደግሞ ሰው ነው። ዛሬ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሆኖ ሌሊቱን ሲጽፍ ያድራል፤ ነገ ፈተና ይመጣበታል፤ ከነገ ወዲያ ሥራ ይይዛል፤ ያገባል፤ ይወልዳል። በሺሕ የሚቈጠሩ ተጫዋቾች «መቼ ታድስልናለህ?» እያሉ ይወተውቱታል፤ እርሱ ግን ተሰላችቶ ዝም ይላል። ኮዱ ተቈልፎ የቀረ እንደ ሆነ ሞዱ ሞተ ማለት ነው፤ ቢገለጥ ግን ሌላ ሰው ከቆመበት አንሥቶ ይቀጥለዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ የዱም ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። ኢድ ሶፍትዌር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱም የተባለውን ጨዋታ ዲሴምበር 10 ቀን 1993 ሲያወጣ፣ ካርታውን፣ ሥዕሉንና ድምፁን ከዋናው ፕሮግራም ለይቶ በሌላ ፋይል አኖረው። ስለዚህ ተጫዋቾች ዋናውን ሳይነኩ የራሳቸውን ካርታ ሠርተው ይጨምሩ ጀመር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1997፣ የኩባንያው ዋና ፕሮግራመር ጆን ካርማክ የጨዋታውን ሶርስ ኮድ ራሱን ለሕዝብ ለቀቀ፤ ሰዎች እንዲሠሩበት እንጂ እንዳይነግዱበት የሚል ግዴታ ነበረበት። በዚያን ጊዜ ከተነሡት ሠሪዎች አንዱ ጂኤል ዱም የሚባል መልከ መልካም ሥራ ጀመረ፤ ነገር ግን ያሻሻለውን ኮድ ለብቻው ይዞት ስለ ነበር፣ ዲስኩ ሲበላሽ ኮዱ ጠፋበት፤ ሥራውም ቆመ። በ1999 ካርማክ ያንኑ የዱም ኮድ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ እንደገና አወጣው። የዚህ ፈቃድ ሕግ ኮዱን ወስዶ ያሻሻለ ሰው ሥራውን ለሌሎች ያደለ እንደ ሆነ፣ ያሻሻለውንም ኮድ አብሮ እንዲገልጥ ያስገድደዋል። እነሆ ጨዋታው ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ የዘመኑ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፣ ማሽኖቹም በቤተ መዘክር ተቀምጠዋል፤ ዱም ግን በየአዲሱ ማሽን ላይ ይሠራል፤ አዳዲስ ካርታም ይሠራለታል። የመድኃኒቱ ምስጢር ከብዙ ልጆች ዘንድ ስለ ደረሰ የሚቀብረው ሞት አልተገኘም።

አሁን ደግሞ የተቃዋሚዎቹን ቃል በቅንነት እንስማ፤ ክርክራቸው የሚናቅ አይደለምና። «ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ የሠራሁትን ለምን ለሰው አሳያለሁ? አንዱ መጥቶ ስሜን ፍቆ የራሱን ይጽፍበታል፤ ሌላውም ይሸጠዋል» ይላሉ። ይህ ፍርሀት ከባዶ የመጣ አይደለም። በኤፕሪል 2015 ቫልቭና ቤተስዳ የተባሉት ኩባንያዎች ስካይሪም ለሚባለው ጨዋታ የሚሠሩ ሞዶች በገንዘብ እንዲሸጡ ፈቅደው ነበር፤ ከሽያጩ ለሠሪው የሚደርሰው ከመቶ 25 ብቻ ነበር። ወዲያውም «የእኔ ሥራ በአንተ ሞድ ውስጥ ገብቶ ተሸጠ» የሚል ጠብ ተነሣ፤ ተጫዋቹም አጉረመረመ። ኩባንያዎቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነገሩን ሰረዙት። ገንዘብ በሌለበት ጊዜ ሁሉም ወንድም ነበር፤ ገንዘብ ሲመጣ ግን የማን ድርሻ የት እንደ ሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ነገር ግን ይህን ፍርሀት ስንመረምረው የሚከስሰው መግለጥን ሳይሆን ያለ ውል መግለጥን ነው። ሁለት ምሳሌዎች ይህን ያስረዱናል።

የመጀመሪያው የዶታ ነገር ነው። ዩል በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሰው በ2003 ዋርክራፍት 3 በሚባለው ጨዋታ ላይ ዶታ የሚባል ካርታ ሠራ። በሴፕቴምበር 2004 ሥራውን ሲተው፣ ከእንግዲህ ወዲህ ማንም ሰው ሳያስፈቅደው የራሱን ዶታ ማውጣት እንደሚችል፣ ምስጋና ላይ ስሙ እንዲነሣ ብቻ እንደሚለምን በአጭር ቃል ጽፎ ሄደ። ቸርነቱ ብዙ ፍሬ አፈራ፤ ከዚያ ካርታ ሐረግ የወጡት ጨዋታዎች ዛሬ በዓለም ላይ ከፍተኛ ገንዘብ የሚገኝባቸው ሆነዋል። ይሁን እንጂ በ2017 በካሊፎርኒያ በሚገኝ ፍርድ ቤት ኩባንያዎች በዶታ ባለቤትነት ሲካሰሱ፣ ያቺ አጭር ጽሑፍ ምን ማለት እንደ ነበረች ጠበቆች ተከራከሩባት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት በቅን ልብ የተጻፈች መልእክት እንደ ኑዛዜ ተመረመረች። ሰውየው ከቃሉ ጋር የታወቀ ፈቃድ አያይዞ ቢሆን ኖሮ ጠበቆቹ በዚህ ረገድ የሚሉት ባነሰ ነበር።

ሁለተኛው የባኪት ነገር ነው። ባኪት ለማይንክራፍት አገልጋይ ኮምፒዩተሮች የተሠራ፣ ኮዱ የተገለጠ ሥራ ነበር፤ ሌሎች ሠሪዎች ጭማሪዎቻቸውን የሚሠሩት በእርሱ ላይ ነበር። በ2014 የማይንክራፍት ባለቤት ሞጃንግ ኩባንያ ባኪት የእርሱ ንብረት መሆኑን ባስታወቀ ጊዜ፣ ብዙ ኮድ ካዋጡት ፈቃደኞች አንዱ በሴፕቴምበር ወር ተቃውሞ አቀረበ። «እኔ ያዋጣሁት በነጻ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም አብሮት ያለው ሁሉ የተገለጠ እንዲሆን ያዝዛል፤ እናንተ ግን ከዝግ ኮድ ጋር ቀላቅላችሁታል» ማለቱ ነበር። በዚህም ምክንያት ፋይሉን ማደል ቆመ፤ እጅግ ብዙ አገልጋዮችም ተቸገሩ። ይህን ታሪክ አንዳንዱ ሰው «አያችሁ፣ መግለጥ የሚያመጣው ጣጣ!» ብሎ ይተርከዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። ኮዱን የገለጠው ያ ፈቃደኛ መብቱን አልጣለም ነበር፤ እንዲያውም ትልቁን ኩባንያ ማቆም የቻለው በጽሑፍ የሰፈረ ውል በእጁ ስለ ነበረ ነው። ጥፋቱ የተከተለው ዝግና ክፍት ኮድ ያለ ሥርዓት በመቀላቀሉ ነው።

እንግዲህ ማሳየትና መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንያዝ። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የዚህ ጨዋታ ጭማሪዎች የሚጻፉት ሉአ በሚባል ቋንቋ ነው። ባለቤቱ ብሊዛርድ ኩባንያ በ2009 ባወጣው ደንብ፣ ጭማሪዎቹ ሁሉ በነጻ እንዲታደሉና ኮዳቸው ሳይሸሸግ ለማንም እንዲታይ አዘዘ። ይህ ማለት ግን ማንም ሰው ኮዱን ወስዶ በራሱ ስም ያውጣው ማለት አይደለም፤ የደራሲው መብት ለደራሲው እንደ ሆነ ይቀራል። «ኮዱ ከታየ አጭበርባሪዎች ይማሩበታል» ለሚሉትም መልሱ እዚሁ ነው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ጭማሪው ሊያደርግ የማይፈቀድለትን ነገር የሚከለክለው ጨዋታው ራሱ ነው እንጂ የኮዱ መሸሸግ አይደለም።

በመጀመሪያ የሽማግሌውን የመድኃኒት ልማድ ወቅሼ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከአባቶቻችን የሚያስመሰግነውን ላንሣ። በገዳማትና በአድባራት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ መጽሐፉ ይነበባል፤ ጸሐፊ ሲገኝም ይገለበጣል። ከጽሑፉ ዳር ወይም ከመጨረሻው ገጽ ላይ ግን የጻፈው ወይም ያጻፈው ሰው ስም ይገኛል፤ ከዚያም መጽሐፉን የሚሰርቀውን ወይም ስሙን የሚፍቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃል ይከተላል። አባቶቻችን ዕውቀቱን ለገልባጭ ፈቀዱ፤ ስሙን ግን በውግዘት ጠበቁ። የዛሬው የኮድ ፈቃድ ከዚህ ሐሳብ አይርቅም፤ ውግዘቱ በፍርድ ቤት ተተካ እንጂ።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። ሞድ ሠሪ ኮዱን ማሳየት ይገባዋል፤ በሰው ቤት ገብቷልና። ይህን ግዴታው ብዬ እቈጥረዋለሁ፤ ለገንዘብ የሚሠራውም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ እንዲያውም የተከፈለው ሰው የበለጠ ታማኝነቱን ማሳየት አለበት። ሌሎች እንዲያሻሽሉትና እንዲያድሉት መፍቀድ ግን ልግስና ነው፤ ልግስናም በግድ አይሆንም። ደክሞ የሠራ ሰው «ተመልከቱት፣ አትውሰዱት» ቢል መብቱ ነው፤ ልንሰድበው አይገባንም። ከሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው ነገር ኑዛዜ ነው። ዛሬ ለመስጠት ልቡ ያልፈቀደ ሰው «ይህን ሥራ ሁለት ዓመት ሳላድሰው የቀረሁ እንደ ሆነ፣ ስሜን ጠብቆ ማንም ይቀጥለው» ብሎ አስቀድሞ ይጻፍ። ይህ አንድ መስመር የሚያስከፍለው ነገር የለም፤ የብዙ ሰው ድካም ግን ከመቀበር ያድናል።

ለተማሪዎች አንድ ቃል ልጨምር። በማይንክራፍትና በሌሎችም ጨዋታዎች የተገለጡት ሞዶች ያለ ክፍያ የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ጃቫን ወይም ሉአን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ልጅ ሕጉን ያውቃል፤ የሚሠራ ሞድ ከፍቶ መስመር በመስመር ያነበበ፣ አንዱን ቍጥር ለውጦ ምን እንደሚሆን ያየ ግን ሥራውን ያውቃል። ስትወስዱ የባለቤቱን ፈቃድ አንብቡ፤ ስሙን አትፋቁ። በተራችሁም አንድ ነገር የሠራችሁ እንደ ሆነ፣ ጥቂት ቢሆንም አትናቁት፤ ፈቃድ ጽፋችሁ አውጡት። ጀማሪ ለሆናችሁት የመንግሥት ሠራተኞችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ የሚያቀናብር ወይም መዝገብ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም የሠራ አንድ ጐበዝ ሠራተኛ ይገኛል፤ እርሱ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፤ ሥራውም ወደ እጅ ጽሑፍ ይመለሳል። ከመዛወራችሁ በፊት ምስጢሩን ለተተኪው ጻፉለት፤ ሣጥኑን ስታስረክቡ ቁልፉንም አብራችሁ አስረክቡ።